እማዬ፣ ስለ አባዬ ያልተነበበው

እማዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ አዲስ አበባ ግን ብርዱን አልቻልነውም። ይህን በስልክ ልነግርሽ ስንት ጊዜ አስቤ ነበር። ስለ አባዬ ስንጀምር አንቺ ታለቅሻለሽ፣ የእኔም ድምፅ ይዘጋል፣ ከዚያ ስለ ኑሮ ውድነት አውርተን እንለያያለን። ስለዚህ ጻፍኩት። መነጽርሽን አድርጊና ራስሽ አንብቢው፤ ከደከመሽ ታናሿ እህቴ ታንብብልሽ።

የቀብሩ ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክ እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። ተወለዱ፣ ተማሩ፣ በምድር ባቡር ተቀጠሩ፣ ትዳር መሥርተው ልጆች አፈሩ፣ በጡረታ ተገለሉ። ሁሉም እውነት ነው። የጻፉትንም እግዜር ይስጣቸው፣ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ማን ቁጭ ብሎ ያስባል? አባዬ ግን እዚያ ወረቀት ላይ የለም። «ታታሪ ሠራተኛ ነበሩ» ያልተባለለት ሟች አለ እንዴ? መነበብ የነበረበት እጁ ምን ይሠራ እንደነበረና አንቺን እንዴት አድርጎ እንደያዘሽ ነው።

እኔ ብሆን ከባቡሩ ወርክሾፕ ነበር የምጀምረው። ይህን አንቺ አሳምረሽ ታውቂዋለሽ፤ የምጽፈው የልጅ ልጆችሽ አንድ ቀን እንዲያነቡት ብዬ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ሜዳው ላይ ደረሰ። ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ከባድ ስለነበር እዚያው ቆመ፣ ድሬዳዋም በዚያ ምክንያት ከተማ ሆነች። ባቡሩ አዲስ አበባ እስኪገባ ደግሞ ብዙ ዓመት ፈጀ። አባዬ ተለማማጅ ሆኖ ሲገባ ማሽኖቹ ያረጁ ነበሩ። መለዋወጫ ቢታዘዝ መቼ ይደርሳል? የጎደለውን ብረት እዚያው ቆርጠው፣ አቅልጠው፣ በቶርኖ (ብረቱን እያሽከረከረ በሚልጠው ማሽን) ልጠው የሚሠሩት ድሬዎች ነበሩ። አንዱ አባዬ ነበር።

ትርፍ ሰዓት የሚሠራ ዕለት ምሳውን ቋጥረሽ ትልኪኝ ነበር፣ ታስታውሻለሽ? ስደርስ ቶርኖው ላይ ጎንበስ ብሎ አገኘዋለሁ። የነሐሱ ብናኝ የቱታው እጅጌ ላይ ያብረቀርቃል። ቡሹን፣ ዘንግ የሚገባበትን የነሐስ ቀለበት፣ ልጦ ሲጨርስ ወዲያው አይለካውም። ማሽኑን ያጠፋና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይጠብቃል። በጣቱ ነካ ያደርገዋል። ገና ነው። እንደገና ይጠብቃል። «ትኩስ ብረት ይዋሻል» ይለኛል። ሞቆ የተለካ ቡሽ ሲቀዘቅዝ ይጠብና ዘንጉን አላስገባም ይላል። አለቃው ከበስተጀርባው ቆሞ ሰዓት እያየ እንኳን አባዬ አይቸኩልም ነበር። ሲቀዘቅዝለት መለኪያውን ካሊብሮ ያነሳል፣ ይለካል፣ አዙሮ ደግሞ ይለካል፤ ለዘይት የምትበቃ ክፍተት ብቻ ትቀራለች። ያቺን ክፍተት ካገኘ በኋላ ነው እጁን ታጥቦ ምሳውን የሚበላው። እኔ ዛሬ ቢሮ ውስጥ ቶሎ ጨርሺ ሲሉኝ እሱ ነው ትዝ የሚለኝ።

በ1969 የሶማሊያ ጦር ድሬ ደጃፍ ድረስ ሲመጣ፣ ድልድዮቹ ፈርሰው መስመሩ ሲቋረጥ፣ ገና አዲስ ተጋቢዎች ነበራችሁ። ወደ አያቴ ሊልክሽ ሲል አንቺ አልሄድም አልሽ። አባዬ ያንን ጊዜ ሲያወራ ስለ መድፉ ብዙም አያነሳም። «እናትሽ እምቢ አለችኝ!» ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ፊቱ በርቶ። ስንት ዓመት ሙሉ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ሲያወራው ኖረ። አንቺ ደግሞ «ተወኝ እባክህ» እያልሽ ወደ ጓዳ ትገቢያለሽ። ይህም አልተነበበም።

ደሞዝ የወጣ ቀን ፖስታውን ሳይከፍት መሶቡ ላይ ያስቀምጥልሽ ነበር፣ የሻይ የምትሰጪው አንቺ ነበርሽ። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ያን ሁሉ ሰው የወሰደ ጊዜም የጎረቤቱን በርና መስኮት በነፃ ሲበይድ ሰነበተ። አሮጌው ባቡር ሲቆም አላማረረም። ገበያ ውስጥ ቶርኖ ቤት ገብቶ የባጃጅና የወፍጮ ዕቃ ይሠራ ጀመር። በ2009 አዲሱ ባቡር ሲመጣ ሄዶ አየው። የድሮው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነበር፣ የአዲሱ ደግሞ 1.435 ሜትር ነው። ዕድሜውን በጠባቡ ሐዲድ የጨረሰ ሰው ይከፋዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን «ሰፊ ነው፣ ጥሩ አድርገው ሠርተውታል» አለ። ከልቡ ነበር።

አሁን ወደ ምጣዱ ልምጣ። ጉልበትሽ የጀመረሽ ጊዜ ጎንበስ ብለሽ መጋገር ሲያቅትሽ ማንም ሳይነግረው ሜትር ይዞ ማድቤት ገባ። እኔም ነበርኩ። «ቁሚ» አለሽ። ቆምሽ። እግርሽን አየና «በዚህ ጫማ ነው የምትጋግሪው?» አለ። የማድቤት ነጠላ ጫማሽን አምጥቶ አስቀየረሽ። ሊጡን እንደምታዞሪ እጅሽን ዘርጊ አለሽ፣ ከመሬት እስከ ክርንሽ ለካ፣ ከዚያ ወደ ግራ ዞር አስደርጎሽ እንደገና ለካ። በማግስቱ ማታ ከቱቦላሬ (ከቱቦ ብረት) የሠራውን የምጣድ መቆሚያ ተሸክሞ መጣ። ጥጋጥጉ ቀሚስሽን እንዳይዝ ሁሉንም በሞረድ አለስልሶታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወገብሽን ይዘሽ ከማድቤት ስትወጪ አላየሁሽም። እማዬ፣ ስለ ፍቅር ብዙ ሲወራ ሰምቻለሁ፤ እኔ ያየሁት ይህንን ነው።

ባለፈው ስለ ዕቃ ሳጥኑ ምን ላድርገው ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እኔ የማስበውን ልንገርሽ፣ ውሳኔው የአንቺ ነው። ካሊብሮውን አባዬ ላስተማረው ልጅ ስጪው፣ አሁን የራሱን ቶርኖ ቤት ለከፈተው። ሲታመም በየሳምንቱ እየመጣ ይላጨው የነበረ እሱ ነው፣ አያያዙንም ያውቅበታል። ብረት ማሰሪያውን ሞርሳ ወንድሜ እፈልገዋለሁ ብሏል። ሞረዶቹን እንዳይዝጉ ዘይት ቀብተሽ በጨርቅ ጠቅልያቸው፣ የቀረውን ስመጣ አብረን እናየዋለን። ለሙት ዓመቱ ቀደም ብዬ እመጣለሁ። በርበሬውንና ቅቤውን ከዚህ ይዤ ስለምመጣ እንዳትገዢ፤ ሌላ የጎደለሽ ካለ ለታናሿ ንገሪያት፣ ትጻፍልኝ። የግፊት መድኃኒትሽንም አታቋርጪ።

ልጅሽ