አሁንም ቀለበት እየቆጠርክ ነው?

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? እኔ ደህና ነኝ፣ ቤተሰቡም ሰላም ነው። እናቴ «ያ ልጅ የት ገባ?» ማለት አልተወችም፤ መልሱን አንተው ስጣት። ዝምታው ረዝሟል። ማን ቀድሞ እንደጠፋ ብንመረምር ግን ሌላ ጸብ ይወጣዋል፤ እንተወው።

ድሬ እንዳለች ናት። የከዚራ ዛፎች አሉ፣ ባጃጁ በዝቷል፣ ሙቀቱም አለ፤ እሱ የት ይሄዳል!

ለመጻፍ ያነሳሳኝ የእህቴ ልጅ ነው። የኤን.ቢ.ኤ፣ የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ፍጻሜ ሲደርስ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለውም። ጨዋታው እኛ ጋ የሚጀምረው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በዚያ ሙቀት መቼም ቤት ውስጥ አይተኛም፤ ፍራሹን ግቢ አውጥቶ ከሰፈር ልጆች ጋር አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ያያሉ። ባለፈው ክርክር ገጠሙ። ጆርዳን ወይስ ሌብሮን? አንዱ ምን አለ መሰለህ፤ «6 ለ4፣ በቃ አለቀ!» የሁለቱን ዋንጫ መቁጠሩ ነው። አቦ፣ አንተን የሰማሁ መሰለኝ!

እንደዚህ ነበር የምትዘጋኝ። ስለ አንድ ተጫዋች አጨዋወት ላወራህ ስል «ስንት ቀለበት አለው?» ብለህ፣ ሻምፒዮን የሚሸለመውን ቀለበት ቆጥረህ፣ አፌን ታስይዘኛለህ። መልሴ ዘገየ እንጂ አልቀረም።

ቀለበት ከተቆጠረ ከቢል ራስል እንጀምራ። በቦስተን ሴልቲክስ 13 የውድድር ዘመን ተጫውቶ 11 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። የመጨረሻዎቹን 2 ተጫዋችም አሠልጣኝም ሆኖ ነው ያነሳቸው። ታዲያ የምንጊዜም ምርጡ ማነው ስትባል ለምን ራስል አትልም? ጆርዳን ነው የምትለው። 11 ከ6 አይበልጥም እንዴ? ይህን ስጠይቅህ «ያኔ እኮ ሊጉ ትንሽ ነበር» ትላለህ። እውነት ነው፤ ራስል ሲጀምር የነበሩት 8 ቡድኖች ብቻ ናቸው። ግን አየህ፣ እዚህ ላይ መቁጠሩን ትተህ መመዘን ጀመርክ። እኔም ሌላ ነገር አላልኩህም።

ዊልት ቻምበርሌይንን ደግሞ ተመልከት። በፈረንጆቹ 1962 በአንድ ጨዋታ 100 ነጥብ አስቆጠረ። በዚያ የውድድር ዘመን በአማካይ በየጨዋታው ከ50 ነጥብ በላይ ነበር የሚያገባው። ዋንጫው 2 ብቻ ስለሆነ ግን ስሙ ከራስል ጎን በተነሳ ቁጥር እንደ ተሸናፊ ይታያል። በራስል ዙሪያ እነ ቦብ ኩዚ፣ ሳም ጆንስ፣ ጆን ሃቭሊቼክ የሚባሉ ኮከቦች እንደነበሩ ማንም አያነሳም። ራስልን ማሳነሴ አይደለም። መከላከልን የጨዋታ ንጉሥ ያደረገ ሰው ነው፤ እሱ ባይኖር እነዚያ ሁሉ ዋንጫዎች አይመጡም ነበር። ብቻውን ግን አላመጣቸውም።

የ2013ቱን ፍጻሜ አስታውስ፤ የሌብሮን ማያሚ ከሳን አንቶኒዮ፣ 6ኛው ጨዋታ። 4 ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ነው ዋንጫ የሚወስደው። ሳን አንቶኒዮ 3 ለ2 ይመራል፣ ይህን ካሸነፈ ዋንጫው የሱ ነው። ሰከንዶች ሲቀሩ ማያሚ 95 ለ92 እየተመራ ነው። ለሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ሜዳውን የሚከብቡበት ገመድ ሁሉ ወጥቷል። ሌብሮን የሦስት ነጥብ ኳስ ወረወረና ሳተ። ክሪስ ቦሽ ዘሎ ኳሱን ያዘና ለሬይ አለን አቀበለው። አለን ወደ ኋላ እያፈገፈገ ጥግ ላይ ደረሰ፣ እግሩን ከሦስት ነጥቡ መስመር ውጪ አስተካከለ፣ ለቀቃት። 5.2 ሰከንድ ሲቀር ገባች፤ እኩል ሆኑ። ማያሚ በጭማሪ ሰዓት አሸነፈ፣ 7ተኛውንም ደግሞ ዋንጫውን ወሰደ።

አሁን ንገረኝ፤ የአለን ኳስ ብረቱን መትታ ብትመለስ ሌብሮን ምኑ ይቀንሳል? ጉልበቱ ያው፣ ችሎታው ያው። ከዚያች ኳስ በፊት የሳተው እንኳ ራሱ ነው። የእህቴ ልጅ ጓደኛ ግን «6 ለ3» ብሎ ይዘጋው ነበር። የአንድ ሰው ስም በሌላ ሰው ጣት ላይ እንዲህ ተንጠልጥሎ ያድራል።

«ጆርዳን እኮ እንደዚያ አይደለም» ልትል ነው፣ አውቅሃለሁ። በ1993 የጆርዳን ቡድን ቺካጎ ዋንጫ ሲያነሳ ፊኒክስን የጣለችው የመጨረሻዋ የሦስት ነጥብ ኳስ የጆን ፓክስሰን ናት። በ1997 ዩታ ላይ ወሳኟን ያገባው ስቲቭ ከር ነው፣ ጆርዳን አቀብሎት። ይህ ለእኔ ጆርዳንን ያተልቀዋል፤ ማመን ያለበትን ሰው አምኖ ሰጠ። በ1986 ቦስተን ላይ በአንድ ጨዋታ 63 ነጥብ አስቆጥሮ ቡድኑ ግን 3ቱንም ጨዋታ ተሸንፎ ተጠርጎ ወጥቷል። የቡድን ጓደኛው ስኮቲ ፒፐን እስኪመጣ ድረስ ጆርዳን በፕሌይኦፍ፣ በጥሎ ማለፉ፣ አንድ ዙር እንኳ አላለፈም። ያኔ «ነጥብ ያገባል እንጂ አያሸንፍም» የሚሉት ነበሩ!

ደግሞ ዋንጫ ሁሉ እኩል አይደለም። ኬቪን ዱራንት ያለ እሱም በ73 ድል የውድድር ዘመኑን የጨረሰውን ጎልደን ስቴት ተቀላቅሎ 2 ወሰደ። ሁለቴም የፍጻሜው ኮከብ ሆኗል፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ በሙሉ ልብ አልሰጠውም። ሐኪም ኦላጁዎንን ተመልከት እንግዲህ። በ1994 ከቡድኑ ከሂዩስተን ለኦል ስታር፣ ለኮከቦቹ ጨዋታ፣ የተመረጠ ሌላ አንድም ሰው አልነበረም። ኒው ዮርክን በገጠመበት ፍጻሜ፣ በ6ኛው ጨዋታ መጨረሻ፣ የኒው ዮርኩ ጆን ስታርክስ ዋንጫውን ሊወስድ የወረወራትን ኳስ በጣቱ ጫፍ ነካት። በ7ተኛው አሸነፉ። ይህን ዋንጫ የእሱ ነው ብትለኝ አልከራከርህም። የናይጄሪያ ልጅ ስለሆነም ትንሽ አዳላለታለሁ፣ ምን ታመጣለህ?

ስለዚህ «ስንት?» ከማለትህ በፊት «እንዴት አገኘው?» በል። ይህን ካላልክ ሮበርት ሆሪ 7 ቀለበት አለውና ከጆርዳን በላይ አስቀምጠው። ሆሪ ጎበዝ ነበር፤ በጭንቅ ሰዓት እጁ አይንቀጠቀጥም። ከጆርዳን ግን አይበልጥም፣ ሆሪም ይህን አይልህም።

አንድ ጥያቄ ልተውልህ። ኤልጂን ቤይለር ከሌከርስ ጋር 8 ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ 8 ጊዜ ተሸነፈ። በ1971 ጉልበቱ እምቢ ሲለው የውድድር ዘመኑ ገና እንደተጀመረ አቆመ። ሌከርስ ከዚያው ቀጥሎ 33 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ፣ ዋንጫውንም በላ። ቤይለርን ዜሮ ትለዋለህ? መልስህን በጽሑፍ እፈልጋለሁ፤ በስልክ ትጮህብኛለህ።

ለቁልቢ ገብርኤል ከመጣህ ደግሞ ከደንገጎ ቁልቁል ሳትወርድ እንዳትመለስ። ፍራሹ ግቢ ነው፣ የእህቴ ልጅም አንተን የሚመስል ተከራካሪ አላጣም።

ወንድምህ፣
ከድሬዳዋ