ሳንቲሙን አንሺው

ልጄ፣

እንኳን ለልደትሽ አደረሰሽ። ወንድምሽ የላክሁልሽ የሙዚቃ ሸክላ እንደ ደረሰሽ ነገረኝና ደስ አለኝ። አስከትሎ ግን «የማጫወቻው መርፌ ሲዘልባት መርፌውን የያዘው ክንድ ላይ ሳንቲም በፕላስተር ለጠፈችበት» አለኝ። መጀመሪያ ሳንቲሙን አንሺው። ቀሪውን ከዚያ በኋላ ታነቢዋለሽ።

አንድ የአሜሪካ ሳንቲም (ፔኒ) 2.5 ግራም ይመዝናል። አብዛኛው መርፌ የሚፈልገው ጫና በጠቅላላው 2 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ያቺ ሳንቲም ጫናውን ከእጥፍ በላይ ልታደርገው ትችላለች። ቀድሞ የሚፋቀው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ አንዴ ከተፋቀ ደግሞ የሚመልሰው የለም።

አንቲስኬቲንጉን፣ ማለትም ክንዱ ወደ መሃል እንዳይሳብ የሚይዘውን ማስተካከያ፣ ዜሮ አድርጊ። የመርፌውን ክዳን አውልቂና ክንዱን ከማረፊያው ፍቺው፤ መርፌው ምንም እንዳይነካ ተጠንቀቂ። ክንዱ ሳይወድቅም ሳይነሳም አየር ላይ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ ከኋላ ያለውን ክብ ብረት ቀስ እያልሽ አዙሪ። ያኔ ብረቱን ይዘሽ የቁጥሩን ቀለበት ብቻ ዜሮ ላይ አምጪው። ቀጥሎ ሁለቱንም አንድ ላይ አዙረሽ የካርትሪጁ (መርፌው የተሰካበት ትንሽ ሳጥን) ወረቀት ያዘዘው ግራም ላይ አቁሚ፤ አንቲስኬቲንጉንም እዚያው ቁጥር ላይ። «ለጥንቃቄ ባቀለውስ?» እንዳትዪ። የቀለለ መርፌ ሸክላው ላይ በተቀረጸው ቦይ ውስጥ እየነጠረ ግድግዳውን ይደበድበዋል። አሁንም ከዘለለ ጠረጴዛው ጋደል ብሏል ወይም ሸክላው አቧራ አለበት እንጂ ሳንቲም አይፈልግም።

ደግሞ «ይነዝራል፣ ልመልሰው ነው» ብለሻል አሉ። ኧረ ተይ! ሸክላው ወደ መሃሉ ሲጠጋ ብቻ ከሻከረ፣ እዚያ አንዱ ዙር አጭር ስለሆነ ድምፁ ተጨናንቆ ነው። ከዳር እስከ ዳር ከሻከረ መርፌው ቆሽሿል። የሚነዝረው ቢዋው፣ ያ የጃፓኖች ባለ ክር መሣሪያ፣ ብቻ ከሆነ ግን ምንም አልተበላሸም። ክሩ ሲመታ ሰፋፊዎቹን የአንገቱን እንጨቶች እየነካካ ነው የሚነዝረው፤ ጃፓኖቹ ሳዋሪ ይሉታል፣ ሆን ብለው ያወጡታል። የአያትሽ በገና እንዝራው፣ ክሩን የሚያስነዝረው ቆዳ፣ ቢወጣ ምን ይቀረው ነበር?

ሸክላሽን የሠራው ጃፓናዊ ሙዚቀኛ ኦሳሙ ኪታጂማ እ.ኤ.አ. በ1971 ጀስቲን ሂትክሊፍ በሚል ስም የእንግሊዞቹን ሙዚቃ የሚመስል ሸክላ አውጥቶ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በራሱ ስም ይህን «ቤንዛይተን»ን ይዞ መጣ፤ ቢዋውን ከኤሌክትሪክ ጊታር ጎን አስቀመጠው። ቤንዛይተን ሕንዶች ሳራስቫቲ የሚሏት ናት። ከቡድሃ ትምህርት ጋር በቻይና በኩል ጃፓን ገባች፤ የውሃና የዜማ አምላክ ሆና ቢዋ ታቅፋ ትሳላለች። ሰውዬው ከተውሶ ስሙ ወደ እሷ መመለሱን ሳስብ ምክሬ ሁሉ ይጠፋብኛል። እሱን ልነግርሽ ስጣደፍ ነው የመርፌውን ነገር የዘነጋሁት። ሚዛኑን አስተምሬሽ ሸክላውን ኋላ መላክ ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የእኔ ዓለም።

ቢሆንም ሳንቲሙን አንሺ፣ ዛሬውኑ። የፕላስተሩን ሙጫ ከክንዱ ላይ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው። መርፌውን በለስላሳ ብሩሽ፣ ከኋላ ወደ ፊት ብቻ። ወደ ጎን ከሄድሽ ሊሰበር ይችላል።

አባትሽ