«የትኛው ጥይት ይጥላል?» ለሚለው ክርክር

ለዝግጅት ክፍሉ፦

አሜሪካ የምንኖር አበሾች፣ በተለይ ሱቅ የምንሠራና ማታ የምናሽከረክር፣ የሽጉጥ ነገር ሲነሳ ቶሎ ወደ ጥይት መጠን እንገባለን። «9 ሚሊሜትር ሰው አይጥልም» የሚለው አባባል በጣም ያሳስበኛል።

አባባሉን ያጠናከረው በ1986 እ.ኤ.አ. ማያሚ ላይ በኤፍቢአይ (በአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ) እና በባንክ ዘራፊዎች መካከል የሆነው የተኩስ ልውውጥ ነው። ሁለት የኤፍቢአይ ባልደረቦች ተገደሉ። ከዘራፊዎቹ አንዱን ገና በጊዜ ያገኘችው 9 ሚሊሜትር ጥይት ክንዱን አልፋ ደረቱ ገባች፣ ልቡ ጋ ሳትደርስ ቆመች። ሰውየው መተኮሱን ቀጠለ። ኤፍቢአይ ወደ 10 ሚሊሜትር፣ ቀጥሎም ወደ .40 ካሊበር (ካሊበር የጥይት ስፋት መለኪያ ነው) ሄደ። ከዓመታት በኋላ ግን ወደ 9 ሚሊሜትር ተመለሰ። ጥይቱ ተሻሽሏል፤ አሁን የሰው ሥጋን እንዲተካ በሚሠራ ጄላቲን ላይ ሲፈተሽ የሚፈለገውን ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይገባል። ሽጉጡም ብዙ አይረግጥም፣ ስለዚህ ተኳሹ ዒላማውን የበለጠ ያገኛል።

ኤፍቢአይ በ1989 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጽሑፍ እንደሚለው ልቡ የተመታ ሰው እንኳ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ወዲያው የሚጥለው አንጎል ወይም የላይኛው ህብለ ሰረሰር ሲመታ ብቻ ነው። ታዲያ ተኩሶ የማያውቅ ሰው ትልቅ ካሊበር ቢገዛ ምን ይጠቅመዋል? የሳተው ጥይት የአፓርታማውን ስስ ግድግዳ በስቶ ጎረቤት ቤት ይገባል።

እባካችሁ፣ በሚቀጥለው እትም ስለ ተኩስ ልምምድና ሽጉጥን ከልጆች ስለ መቆለፍ ጻፉልን።

አንባቢያችሁ