ሜክሲኮ ሲቲ ማረፊያችሁን ወደ ናርቫርቴ ለምን አዛወርነው?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ እየደወላችሁ «ሜክሲኮ ሲቲ ስንሄድ ኮንዴሳ ወይም ሮማ ነበር የምታሳርፉን፤ ይሄ ናርቫርቴ የምትሉት ደግሞ የት ነው?» ትሉናላችሁ። መልሱ ረዘም ስለሚል በጽሑፍ ብናደርገው ይሻላል ብለን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኮንዴሳና ሮማ ቆንጆ ሰፈሮች ናቸው። ግን ለእንግዳ በቀን የሚከራዩ አፓርታማዎች በዝተው፣ ኪራይ ንሮ፣ የሰፈሩ ሰው እየለቀቀ ነው። በጁላይ 2025 ነዋሪዎች ለዚሁ ሰልፍ ወጥተዋል። እኛ ደግሞ እንግዳ ልከን ሰው ከቤቱ እንዲወጣ ምክንያት መሆን አንፈልግም። ናርቫርቴም ከዚህ ጣጣ ነፃ አይደለም። ስለዚህ እዚያ የምንይዝላችሁ ሆቴል፣ ወይም ባለቤቱ አብሮ ከሚኖርበት ቤት አንድ ክፍል ነው። ሙሉ አፓርታማ አንይዝም።

ሰፈሩ መሃል ከተማ፣ ቤኒቶ ሁዋሬዝ በሚባለው ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ሰው ይኖርበታል፤ ልጆች ትምህርት ቤት ይመላለሱበታል። በማርች ብትሄዱ የጃካራንዳ አበባ መንገዱን ሐምራዊ አድርጎት ታገኙታላችሁ።

እኛን ከሁሉ የሚያስደስተን ግን የሜትሮ ጣቢያው ነው። ስሙ «ኢትዮጵያ» ይባላል። 3ኛው መስመር ላይ ነው፣ የተከፈተውም በ1980። እዚያ አገር እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ ሥዕል አለው፤ የዚህኛው የአንበሳ ራስ ነው። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ሜክሲኮ ወረራውን አልቀበልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ነበረች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ሄደው ጎብኝተዋታል። አዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ስትጠብቁ ያደጋችሁ፣ የውለታው ሌላኛው ጫፍ እዚህ ነው። ስሙ ላይ በኋላ «ፕላሳ ደ ላ ትራንስፓረንሲያ» የሚል ስለተጨመረበት ግራ አይግባችሁ። ከዚያ ተሳፍራችሁ አምስተኛው ጣቢያ፣ ሁዋሬዝ፣ ብትወርዱ አላሜዳ መናፈሻ በእግር ቅርብ ነው። የሜትሮው ዋጋ 5 ፔሶ ነው።

ምግብ ላይ አደራ። ኤል ቢልሲቶ የሚባል ታዋቂ ቤት አለ። ቀን ጋራዥ ነው፣ ማታ ታኮ ቤት ይሆናል። መካኒኮቹ ሲወጡ ሥጋው በቆመ ዘንግ ላይ መሽከርከር ይጀምራል። ሻዋርማ ስለሚመስል ብዙ የአገራችን ሰው ይሸወዳል፤ አል ፓስቶር የሚሉት ይህ ሥጋ የአሳማ ነው። የበሬ ከፈለጋችሁ «ደ ሬስ» በሉ። ምጣዱ አንድ ሊሆን ስለሚችል ይህን የምትጠነቀቁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጾመኞች ኖፓል የሚባለውን የበለስ ቁልቋል ቅጠል ሞክሩት፤ ተጠብሶ ቶርቲያ በሚሉት ቂጣ ሲበላ ይጣፍጣል። ባቄላው ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ስለሚሠራ «ሲን ማንቴካ» ማለት አትርሱ።

ጸጥታ ለምትፈልጉ እውነቱን እንንገራችሁ፤ ሰፈሩ ድምፅ አለው። ቆራሌው በመኪና ይዞራል። የተቀዳ የሕፃን ልጅ ድምፅ ፍራሽ፣ ፍሪጅ፣ ምድጃ እንገዛለን እያለ ከድምፅ ማጉያ ይጮኻል። በመንገድ በኩል ያለ ክፍል የማይመቻችሁ ንገሩን፣ የጓሮውን እንይዛለን።

የመሬት መንቀጥቀጡ ነገር በቁም ነገር ይታይ። ከተማዋ የተሠራችው በደረቀ ሐይቅ ላይ ነው፤ ለስላሳው አፈር ንዝረቱን ያባብሰዋል። በ1985ም በ2017ም ሴፕቴምበር 19 ቀን ብዙ ሰው አልቋል፤ በ2017 ናርቫርቴ ውስጥም ሕንፃ ወድቋል። የመንገድ ምሰሶዎች ላይ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ማጉያ አለ። «አሌርታ ሲስሚካ» ሲል ከሰማችሁ ስልክ አትፈልጉ፣ ሻንጣ አታንሱ። የቤቱ ሰዎች የሚያደርጉትን አድርጉ። በየዓመቱ በዚያው ቀን ልምምድ ስላለ በሴፕቴምበር የምትሄዱ እንዳትደነግጡ።

ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,240 ሜትር ከፍ ያለች ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ዘመዶቻችሁ ምንም አይሉም፤ እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ የከረማችሁ ግን የመጀመሪያውን ቀን ቀለል አድርጉት።

ኮንዴሳ ክፍል አስቀድማችሁ የያዛችሁ እንደያዛችሁ ናችሁ፤ መቀየር ከፈለጋችሁ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንቀይራለን። ቢሮ ብቅ በሉ ወይም ደውሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉዞ ወኪላችሁ