ዶሮቲ ስሚዝን በአንድ መስመር አትለፏት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ስለ ሶሲዮሎጂ፣ ማለትም ስለ ማህበረሰብ ጥናት፣ ሲጻፍ ማርክስ፣ ዱርካይም፣ ቬበር እየተባለ ብዙ ይኬድና ሴቶቹ ጋ ሲደረስ ልጆቿን እያሳደገች ተምራ እዚህ ደረሰች ተብሎ ይታለፋል። ይሄ ነገር በጣም ነው ሚያናድደኝ፣ በተለይ ሶሲዮሎጂስቷ ዶሮቲ ስሚዝ ላይ ሲሆን፣ ምክንያቱም የሷ ልጅ ማሳደግ ለጥንካሬዋ ማድነቂያ ብቻ ሚጠቀስ ነገር አይደለም፣ ሳይንሷ ራሱ የተነሳው ከዛ ነው።

አመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጻፍና፣ በ1926 እንግሊዝ አገር ተወለደች፣ መጀመሪያ በሴክሬታሪነት ሰራች፣ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ከለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ያገኘችው በ1955 ነው። ፒኤችዲዋን አሜሪካ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በ1963 ስትጨርስ አርባን እየተጠጋች ነበር። ትዳሯ ፈረሰ፣ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ብቻዋን ይዛ ማስተማር ጀመረች።

እና ቤት ስትሆን ያለው ይሄ ልጅ፣ ይሄ ራት፣ ይሄ ያልታጠበ ልብስ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ደግሞ ስለ ሚና፣ ስለ መዋቅር፣ ስለ ስርአት ይወራል፣ ግን ራት ሚሰራ ሰው የለበትም። ሌላ ሰው ቢሆን ሁለቱን ለያይቶ ይኖር ነበር፣ እሷ ግን ክፍተቱን ራሱን ጥያቄ አደረገችው። መልሷም ግልጽ ነው፣ ወንዶቹ ምሁራን በሀሳብ አለም ብቻ መኖር የቻሉት ምግቡንም ልብሱንም ልጁንም ሌላ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ሴት፣ ስለያዘላቸው ነው፣ ያ ስራ ደግሞ ቲዎሪው ውስጥ አይታይም።

ከዛ ካናዳ ሄደች፣ መጀመሪያ ቫንኩቨር፣ ከ1977 ጀምሮ ቶሮንቶ። እዛ ከተመራማሪዋ አሊሰን ግሪፊት ጋር፣ እሷም ብቻዋን ልጅ ያሳደገች ናት፣ ስለ እናቶችና ትምህርት ቤት የሰሩት ጥናት ለኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ትምህርት ቤቱ ስራውን ሚያቅደው የቤት ስራ ምታሰራ፣ ሰአት ጠብቃ ምታደርስ፣ ስትጠራ ምትመጣ እናት ቤት እንዳለች ቆጥሮ ነው፣ ይሄ ሁሉ ግን ክፍያም የለው ስራም አይባል፣ እናትየው ሳይመቻት ሲቀር ደግሞ ጉድለቱ የቤተሰቡ ተደርጎ ይወሰዳል። ኢንስቲትዩሽናል ኢትኖግራፊ ሚባለው የጥናት መንገዷ እንዲህ ነው ሚሰራው፣ ከሰውየዋ የእለት ኑሮ ተነስቶ ፎርሙን፣ መመሪያውን፣ ፋይሉን እየተከተለ ትእዛዙ ከየት እንደሚመጣ ያሳያል።

በ2022 በ95 አመቷ እስክታርፍ ድረስ ብዙ ተመራማሪዎች ይሄን መንገድ ይዘው ሆስፒታልም ማህበራዊ አገልግሎትም አጥንተውበታል፣ ስለዚህ የሴት ምሁር ታሪክ ስትጽፉ እባካችሁ እንዴት ቻለችው ከሚለው ይልቅ ምን አገኘች ሚለውን አስቀድሙልን፣ ከቻላችሁ ደግሞ ያን የእናቶቹን ጥናት ለብቻው አንድ ገጽ ስጡት፣ ልጅ ትምህርት ቤት ያላት አንባቢያችሁ ሁሉ ስለራሷ እንደተጻፈ ነው ምታነበው።

አክባሪያችሁ፣ የዘወትር አንባቢያችሁ