ላሟ የተማሪውን እጅ ከተመራማሪው አትለይም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በእንስሳት ላይ ምርምር ለማድረግ ስለሚያስፈልገው የሥነ ምግባር ፈቃድ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ነጭ አይጦቹ የጻፋችሁት ደህና ነው። የባህል መድኃኒት ቅጠል መርዝ ይኑረው አይኑረው ለማወቅ አይጥ ከመያዙ በፊት ኮሚቴ ማየት አለበት። በዚህ አንጣላም።

ያናደደችኝ መጨረሻው አካባቢ ያለችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። «ለማስተማሪያ የሚውሉ እንስሳት ጉዳት ስለማይደርስባቸው ፈቃድ አያስፈልጋቸውም» ትላለች። ማን ነው ያላችሁ? ዘገባው ውስጥ መምህር አለ፣ ተመራማሪ አለ፣ ተማሪም አለ። ገመዱን የሚይዘው ሰው ግን የለም።

እኔ ገመድ ያዥ ነበርኩ። ዛሬ የምኖረው እዚሁ ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ከዚያ በፊት ግን በሌላ ከተማ፣ በአንድ ማስተማሪያ ተቋም 14 ዓመት እንስሳት ተንከባክቤያለሁ። የተቋሙን ስም አልጠራም።

ዳለቻ የምላት አንዲት ላም ነበረች። አንድ ቀን የእርግዝና ምርመራ ልምምድ ተባለና ክራሽ ውስጥ አስገባኋት። ክራሽ ላሟ እንዳትንቀሳቀስ የምትቆምበት አጥር ነው። ተማሪው እስከ ትከሻ የሚደርስ የላስቲክ ጓንት ያጠልቃል። እጁን በፊንጢጣዋ አስገብቶ ማህፀኗን በአንጀቷ በኩል ይዳስሳል። የለመደ ሐኪም ቶሎ ይጨርሳል። ጀማሪ ግን ይፈልጋል፣ ያጣል፣ አውጥቶ እንደገና ያስገባል። ያን ቀን ሰልፉ ረጅም ነበር፤ እየቆጠርኩ ነበር። አሥራ ሁለተኛው ልጅ እጁን ሲያወጣ ጓንቱ ላይ ከእበቱ ጋር ደም አየሁ። ዳለቻ ጀርባዋን አጉብጣ ታምጣለች። «ደም አለ እኮ» አልኩ። «ትንሽ ነው፤ ቀጣይ» ተባለ። ከዚያ በኋላ ስድስት ልጆች ገቡባት።

በማግስቱ ፉርሽካ አቀረብኩላት። አሸተተችና ፊቷን አዞረች። መዝገቡን ገልጬ አየሁ። «ላም 1፣ ለልምምድ» ይላል፤ በቃ። ስለ ደሙ የጻፈ የለም። የሚጻፍበት ዓምድም አልነበረውም። ቅዳሜና እሁድን አጠገቧ የዋልኩት እኔ ነኝ፤ የትርፍ ሰዓት የከፈለኝ የለም።

እና ጉዳት አይደርስባቸውም ትሉኛላችሁ? ለመሆኑ ላሟ የገባባት እጅ የተማሪ ይሁን የተመራማሪ በምን ለይታ ነው የማይጎዳት?

ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ስለዚህ ጉዳይ ደንብ አለው። ምዕራፍ 7.8 ነው። ርዕሱ ራሱ እንስሳትን ለምርምርና ለትምህርት ስለመጠቀም ይላል። ትምህርትን አልለየም። ኮሚቴው ውስጥ ቢያንስ አንድ ተመራማሪ፣ አንድ የእንስሳት ሐኪምና ከሕዝብ የመጣ አንድ ሰው እንዲኖር ይፈልጋል። የተንከባካቢዎችን እውቀት መጠየቅም እንደሚቻል ጽፎታል። ጋዜጠኛችሁ ርዕሱን ብቻ ቢያነብ ኖሮ ያቺን ዓረፍተ ነገር አይጽፋትም ነበር።

ልጆቹ አይማሩ አላልኩም። ደንቢያ ያለው ወንድሜ ላሙ ጥጃው ተጋድሞባት ልትሞት ነበር። ያተረፋት ገና ከትምህርት ቤት የወጣ ወጣት ሐኪም ነው፤ ዛሬም ስሙን እናነሳለን። ያ እጅ የሆነ ቦታ፣ በሆነች ላም ላይ ተምሯል። ይህን አውቃለሁ። ግን ላሟ ደምታ ሰልፉ ካልቆመ ልጁ ስለ እርግዝና ከመማሩ በፊት ደም አይቶ ማለፍን ይማራል። ያ ልጅ ነው ነገ የገበሬ በረት የሚገባው።

ዊልያም ራስልና ሬክስ በርች የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1959 እ.ኤ.አ. ሦስት ነገር ጠየቁ። እንስሳውን በሌላ መተካት ይቻላል ወይ? ቁጥሩን መቀነስስ? ሥቃዩን ማቅለልስ? ይህ ለቤተ ሙከራ ብቻ የሚሆን ጥያቄ አይደለም። ከቄራ የመጣ ማህፀን ጠረጴዛ ላይ ይቅረብና ልጆቹ መጀመሪያ እሱን ይዳስሱ፤ ምን እንደሚፈልጉ ጣታቸው ይወቀው። ከዚያ ወደ ሕይወት ያላት ላም ይምጡ። አንዲት ላም በቀን ስንት እጅ እንደምትችል፣ ስንት ቀን እንደምታርፍ አስቀድሞ ይጻፍ። ደም ከታየ ልምምዱ ይቁም። «አቁሙ» የማለት ሥልጣንም ገመድ የያዘው ሰው ይኑረው። ላሟ ስትንቀጠቀጥ ከማንም በፊት እጁ ላይ የሚሰማው እሱ ነው። ፈቃድ ማለት ለእኔ ይኼ ሁሉ ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት መጠየቁ ነው።

እርማት እንድታወጡ እጠይቃለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። በፎቶው ግርጌ የአይጦቹን ሳጥን የሚያጸዳውን ሰው «ዘበኛ» ብላችሁታል። ዘበኛ አይደለም። ተመልሳችሁ ሂዱና አነጋግሩት። መዝገቡንም አብራችሁ ግለጡት።

የቀድሞ የእንስሳት ተንከባካቢ
ከአዘዞ፣ ጎንደር