የአሮጌ ጀልባ እድሳት ከቀለም አይጀምርም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

አሮጌ ባለሸራ የፋይበርግላስ ጀልባ በገዛ እጃቸው ለማደስ ለሚመኙ ጀማሪዎች፣ እኔም ሙያው ሳይኖረኝ የገባሁበት ሰው እንደመሆኔ፣ ጥቂት ነገር ለማለት እወዳለሁ። ብዙዎቻችን የምንሮጠው ወደ ቀለሙ ነው። ይሁን እንጂ የላይኛው ወለል በአብዛኛው በሁለት የፋይበርግላስ ንጣፎች መካከል የባልሳ እንጨት ወይም ኮምፔንሳቶ የታሸገበት በመሆኑ፣ ብሎን በገባበት ቀዳዳ ሁሉ ውሃ እየሰረገ እንጨቱን ለዓመታት ሲያበሰብሰው ከላይ ምንም ላይታይ ይችላል። በመዶሻ ቀስ ብለው ሲያንኳኩት ጤነኛው ጥርት ያለ፣ የበሰበሰው ግን የታፈነ ድምፅ ይሰጣል፤ እኔ ይህን የተረዳሁት፣ ሳልሸሽግ ልናገርና፣ ሁለት ጊዜ ቀለም ከቀባሁ በኋላ ነው።

ለጥገናው ኢፖክሲ የተባለው ሙጫ ፖሊስተር ከተባለው ሙጫ ይልቅ በአሮጌው አካል ላይ አጥብቆ ይይዛል፤ የሚጠገነውም ቦታ ጠርዝ የውፍረቱን 12 እጥፍ ያህል ርቀት እየሳሳ እንዲሄድ ተደርጎ መሞረድ ይኖርበታል። ብናኙ ሳንባን ስለሚጎዳ ተራ የጨርቅ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ አይበቃም።

ምሰሶውን የሚወጥሩት ገመዶች የሚታሰሩባቸው ብረቶችም፣ የማይዝጉ ቢባሉም፣ አየር በማያገኙበት እርጥበት ሳይታይ በዝገት ስለሚበሉ፣ ሸራ ከመሰቀሉ በፊት ተነቅለው ይታዩ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ